ፓስፖርት ማሳደስ ጥገኝነትን ያሳጣል?

ሥራው አገር ያስለቀቀው የሰብዓዊ መብት ተሟጋች ናይሮቢ ሳለ ፓስፖርቱ ጊዜው ያልፍበታል። የአገሩ ኤምባሲ በር ላይ ቆሞ ያመነታል፤ ማመንታቱም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 1 ሐ፣ «በፈቃዱ» ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ የተመለሰ ሰው ስደተኝነቱ ያበቃል ይላል። ፓስፖርት ማሳደስ እንዲህ ያለ መመለስ ሊመስል ይችላል፤ ሰውየው ግን ሌላ ምክንያት እንደነበረው ማስረዳት ይችላል። ለምሳሌ ያስጠለለው አገር ቢሮ «ፓስፖርት አምጣ» ብሎ አስገድዶት ከሆነ፣ ፈቃዱ የት አለ? የልደት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት ማውጣትማ ከነጭራሹ አይቆጠርበትም። ያም ሆኖ ቢሮው ያዘዘበትን ደብዳቤ ማስቀመጥ ይበጃል። መጓዝ ለሚፈልግ ደግሞ አንቀጽ 28 አለለት፦ በሕጋዊ መንገድ የሚኖርበት አገር የጉዞ ሰነድ ይሰጠዋል።