በአሜሪካ ሕግ «የአገር ክህደት» የቱ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ፖለቲከኞች ሲጣሉ «ይሄ እኮ የአገር ክህደት ነው!» መባባል ይወዳሉ። ሕገ መንግሥቱ ግን ቃሉን አጥብቦታል፤ ጥሩም አድርጓል። ክህደት ማለት በአገሪቱ ላይ ጦር ማንሳት ወይም ከጠላቶቿ ወግኖ እነሱን መርዳት ብቻ ነው። ለማስፈረድ ያንኑ አንድ ድርጊት ያዩ ሁለት ምስክሮች፣ አለዚያም በግልጽ ችሎት የተሰጠ የእምነት ቃል ያስፈልጋል።

ለፕሬዚዳንትነት ብቁ መሆን ሌላ ጉዳይ ነው፦ 35 ዓመት፣ 14 ዓመት ነዋሪነት፣ የትውልድ ዜግነት። በዲቪ ሄዳ ዜጋ የሆነች እናት መወዳደር አትችልም፤ እዚያ የወለደችው ልጇ ግን ይችላል።

የሚያምታታው የሕገ መንግሥቱ 14ኛው ማሻሻያ ነው። ለሕገ መንግሥቱ ምሎ ያመፀ ሰው ሥልጣን እንዳይዝ ይከለክላል። «ክህደት» የሚል ቃል ግን የለበትም። የኮሎራዶ ስቴት በዚህ ተነስታ «አምፀዋል» ብላ ትራምፕን ከ2024 የምርጫ ወረቀት ልታወጣ ስትል፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስቴቶች ይህን ሥልጣን የላቸውም አለ። አምፀዋል ወይስ አላመፁም የሚለውን አልወሰነም።