በፈንገስ አካል ውስጥ የውሃን መንገድ የመከታተያ ዘዴዎች፦ ከድሬዳዋና ሐረር አንጻር

ትኩስ እንጉዳይ ከክብደቱ 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ሥር ስለሌለው ውሃውን የሚስበው ሃይፋ በተባሉ ቀጫጭን ክሮቹ አማካይነት በኦስሞሲስ (ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ የሟሟ ነገር ወደበዛበት ሲገባ) ነው። በማሽላ አገዳ ላይ የበቀለ እንጉዳይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ሞቃታማዋ ድሬዳዋ፣ 1,900 ሜትር ከምትጠጋው ሐረር ይልቅ ፈጥኖ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ የገባውን ውሃ ከተነነው ለይቶ ማወቅ እዚህ ግድ ነው።

ርካሹ መሣሪያ ሚዛን ነው። እንጉዳዩ ይመዘናል፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል። ይህ መጠኑን እንጂ መንገዱን አይነግርም።

መንገዱን የሚያሳየው ቀለም ነው፤ ላቦራቶሪያቸው ብዙ ዕቃ ለሌለው ተማሪዎችም የሚመከረው ይኸው ነው። የእንጉዳዩ እግር ውሃ ውስጥ እንዳለ በምላጭ ተቆርጦ ኢኦሲን በተባለ ቀይ ቀለም ውስጥ ይቆማል። ከሰዓታት በኋላ በስሱ ሲቆራረጥ ቀለሙ የደረሰበት ከፍታ ይታያል። ቆረጣው ከላይ ወደ ታች መሆን አለበት፤ ከታች ከተጀመረ ምላጩ ራሱ ቀለሙን ይዞ ይወጣና ያልደረሰበትን የደረሰ ያስመስላል። ጎን ለጎን የተቀቀለ እንጉዳይም ይሞከራል። በሞተው ውስጥም እኩል ከወጣ፣ ቀለሙ በክሮቹ መካከል ባለው ክፍተት እንጂ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ለማለፉ ማስረጃ የለም ማለት ነው። ሉሲፈር የሎ የተባለው አብሪ ቀለም በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ይበልጥ ጥራት ያለው ምስል ይሰጣል።

ያም ሆኖ ቀለም ውሃ አይደለም። ውሃውን ራሱን ለመከተል አይሶቶፕ፣ ማለትም ክብደቱ የተለየ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነት፣ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተመራማሪዎች በትሪቲየም (ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነት) ምልክት የተደረገበት ውሃ ከተክል ሥር ጋር ተዛምዶ በሚኖር ፈንገስ ገመዶች በኩል ወደ ተክል ሲያልፍ አሳይተዋል፤ በ2003 ደግሞ በዲዩተሪየም (ሌላው ከባድ ሃይድሮጅን) እና በቀለም፣ ውሃ ከኦክ ዛፍ ወደ ፈንገሱ ሲሄድ ታይቷል። በ2022 የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት በኦክስጅን-18 (ከባድ የኦክስጅን ዓይነት) ተጠቅሞ፣ ፈንገሱ ያደረሰው ውሃ የዱር አጃው ካተነነው ሲሶውን እንደሚሆን ገምቷል። ድርሻው ከዚህ ያንሳል የሚሉም አሉ። በማግኔትና በኒውትሮን ምስል የሚሠሩ ዘዴዎችም አሉ።

ጉዳዩ ለሐረርጌ ባዕድ አይደለም፤ የማሽላ ሥርም ከእንዲህ ዓይነት ፈንገሶች ጋር ተዛምዶ ይኖራል። 

ትሪቲየም ጨረር ስላለው ፈቃድና ጥንቃቄ ይሻል፤ ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ የሚበሰብስበት ጊዜ) 12.3 ዓመት ነው። ዲዩተሪየምና ኦክስጅን-18 ጨረር የላቸውም፣ ነገር ግን ናሙናው ወዲያው ታሽጎ መቀዝቀዝ አለበት። ውሃ ሲተን ቀላሉ አይሶቶፕ ቀድሞ ይሄድና ከባዱ ይቀራል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ያልተደረገ ምልክት ያሳያል።