የማይታየውን ሽፋን በሌዘር መቁረጥ

የስልክ ስክሪን ጣታችንን የሚለየው መስታወቱ ላይ ባለ፣ ዓይን በማያየው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሽፋን ነው። በብዛት የሚሠራው ከኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ነው፤ ባለሙያዎቹ አይቲኦ ይሉታል። በክብደት 90 በመቶ ያህሉ የኢንዲየም ኦክሳይድ፣ 10 በመቶው የቆርቆሮ ኦክሳይድ ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ200 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) አይበልጥም። ብዙ ጣቶችን በአንዴ ለመለየት ሽፋኑ እርስ በርስ በማይነካኩ መስመሮች መከፋፈል አለበት።

ብርሃን አሳላፊ የሆነ አስተላላፊ ሽፋን ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ጀርመናዊው ካርል ቤዴከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ከካድሚየም ኦክሳይድ ሠራው።

የቆየው የመቁረጫ ዘዴ አሲድ ነው። ሬዚስት የሚባል፣ ብርሃን የሚለውጠው መከላከያ ይቀባል፣ ንድፉን በያዘ መሸፈኛ (ማስክ) በኩል ብርሃን ይበራበታል፣ ይታጠባል፣ ያልተሸፈነውን አይቲኦ አሲድ ይበላዋል፣ የቀረው ሬዚስት ይነሳል። ንድፉ ከተቀየረ ማስኩም አዲስ መሆን አለበት። ሌዘር ይህን ሁሉ ጣጣ ይገላግላል። ንድፉ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል ነው፤ ጠዋት ተቀይሮ ከሰዓት ሊቆረጥ ይችላል። በብዛት ምርት ግን አሲዱ ዛሬም ይረክሳል የሚሉ አሉ።

በ1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት የሚሠራው ሌዘር መስታወቱን ያልፋል ማለት ይቻላል። ሽፋኑ ውስጥ ያሉት ነፃ ኤሌክትሮኖች ግን ጨረሩን ይውጡታል። ሽፋኑ በናኖሰከንዶች ውስጥ ግሎ ይተናል። ሁለት ተንቀሳቃሽ አንጸባራቂ መስታወቶች ጨረሩን ይመሩታል፤ የሚቀረው ትልም ስፋቱ በአሥር ማይክሮሜትሮች የሚቆጠር ነው።

ሙያው ያለው ትልሙ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ምት ክብ ነጥብ ይተዋል። ነጥቦቹ በደንብ ካልተደራረቡ መሃል ላይ ድልድይ ይቀርና ሁለቱ ወገን ይገናኛል። ከልክ በላይ ከተደራረቡ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ጠርዙም ላይ የቀለጠው ቁስ ከንፈር ሠርቶ ይነሳል። ለንክኪ ስክሪን ይህ ብዙም አይጎዳም። ኦሌድ (ራሱ ብርሃን የሚሰጥ ስክሪን) ላይ ግን ከላዩ የሚጣሉት ንብርብሮች እጅግ ስስ ስለሆኑ ከንፈሩ በስቷቸው ሾርት ያደርጋል። እዚህ ላይ ምቱ ከናኖሰከንድ እጅግ የሚያጥረው የፒኮሰከንድ ሌዘር ዋጋው ቢወደድም ያዋጣል።

በስስ ሽፋን ሶላር ፓነልም ሦስት ትልሞች ጎን ለጎን ይቆረጣሉ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ አሳላፊውን ሽፋን ይከፍላል። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ያለው ቦታ ኃይል አያመነጭም። ስለዚህ በተጠጋጉ ቁጥር የፓነሉ ትርፍ ይጨምራል።

የኢንዲየም ብናኝ ሳንባን ይጎዳል። ጃፓን ውስጥ አይቲኦ ሲፈጩ የነበሩ ሠራተኞች ላይ የታየው ሕመም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ስለዚህ ማሽኑ ጋ አየር መምጠጫ ሳይበራ ሌዘር መነሳት የለበትም።