ጥናት ላይ ከፈረሙ በኋላ መተው ይቻላል?

ጅማ ውስጥ ለጥናት ተብሎ የማስታወስ ወይም የማሰብ ችሎታ ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎች "አንዴ ፈርሜያለሁ፣ ብተው ያስጠይቀኛል?" እያሉ ይጨነቃሉ። አያስጠይቅም! ፊርማው "ተነግሮኝ፣ ገብቶኝ ፈቅጃለሁ" ማለት ነው፤ የሚያስር ውል አይደለም። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ በሰዎች ላይ የሚደረግ የሕክምና ጥናት ሥነ ምግባርን በሚደነግገው የሄልሲንኪ መግለጫ ላይ ሳይቀር፣ ተሳታፊው በማንኛውም ጊዜ ፈቃዱን ማንሳት እንደሚችል ሰፍሯል። ለምሳሌ አንዲት ተማሪ ቁጥር በቃል የመያዝ ፈተና ጀምራ መሃል ላይ ቢጨንቃት "በቃኝ" ብላ መውጣት ትችላለች፣ ምክንያት መናገር አይጠበቅባትም፣ የትምህርት ውጤቷም በዚህ ሰበብ መነካት የለበትም። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ብዙዎች ካቋረጥኩ ወይም ዝቅተኛ ነጥብ ካመጣሁ ደደብ እባላለሁ ብለው እየተጨናነቁ መጨረሳቸው ነው። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና ፍርሃት ነጥብ ያወርዳሉ እኮ። ከጥናት ጥናት የሚለያየው፣ እስከዚያ የሰጣችሁት መረጃ ይጠፋል ወይስ ይቀራል፣ የትራንስፖርት ገንዘቡስ ይከፈላል ወይ የሚለው ነው። እሱን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።