የጭንቀት ሕመም ምንድን ነው? ሐኪም ዘንድስ መቼ ይኬዳል?

ጎረቤቴ ባጃጅ ነጂ ነው። አምና ክረምት እዚህ ጅማ ከመርካቶ ወደ አጂፕ ሦስት ሰው ጭኖ ሲሄድ መሐል መንገድ ላይ ባጃጁን አቁሞ ወረደ። ልቡ ይደልቃል፣ እጁ ደንዝዟል፣ ትንፋሽ አጥሮታል፣ ላብ አጥምቆታል። ሞቴ ነው ብሎ ተሳፋሪዎቹን "ይቅር በሉኝ" አላቸው። አንዲት እናት በነጠላቸው እያራገቡለት፣ ሌላው ተሳፋሪ ባጃጅ አስቁሞ ወደ ሕክምና ወሰደው። እዚያ ሲደርስ ግማሹ ለቆት ነበር። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሣ፣ ደሙ ታየ። "ልብህ ደህና ነው፤ ጭንቀት ነው" ተብሎ ተመለሰ።

ይህን ሲያወራኝ ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገበው መልሱ ነበር። "እና ውሸቴን ነው? እጄ ደንዝዞ፣ ዓይኔ ጨልሞ!" ይላል። ጥፋቱ ግማሹ የቃላችን ነው። በአማርኛ ምጥ የያዛትም ተጨነቀች ትባላለች፤ ዕዳ ያለበትም፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪም ጭንቀት ላይ ነው። ለሁሉ የሚዳረስ ቃል የሕመም ስም ሲሆን፣ ሰሚው "ምንም የለብህም" የተባለ ይመስለዋል።

ፍርሃት በራሱ ጤና ነው። ከጅሬን ኮረብታ በጨለማ ሲወርዱ ጅብ ቢያጋጥም አንጎል እኛን ሳያማክር ደወል ይደውላል። አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ደም ውስጥ ይረጫል፣ ልብ ለእግር ደም ለማድረስ ይጣደፋል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ሆድ ሥራውን ያቆማል። ትንፋሽ ከልክ በላይ ሲፈጥን ደግሞ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ጣት ይደነዝዛል፣ ከንፈር ይነዝራል፣ ራስ ያዞራል። የጎረቤቴ እጅ የደነዘዘው በዚህ ነው። ደወሉ እውነተኛ ነበር፤ የሌለው ጅቡ ነው።

የጭንቀት ሕመም የሚባለው ይህ ደወል ያለ በቂ ምክንያት እየደጋገመ፣ አልበርድ እያለ፣ ኑሮን ሲያጣብብ ነው። መልኩ ብዙ ነው። የጎረቤቴ ዓይነቱ ፓኒክ አታክ ይባላል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጣራ ይነካና ይበርዳል። አንዴ መጥቶ ቢቀር ሕመም አያሰኝም፤ ተደጋግሞ መጥቶ "መቼ ይመለስብኝ ይሆን" የሚለው ስጋት አንድ ወርና ከዚያ በላይ ሲከርም ግን ያሰኛል። ሌላው ዝግ ያለ ነው፦ ቢያንስ ለ6 ወር፣ አብዛኛውን ቀን፣ ስለ ልጁም፣ ስለ ቤት ኪራዩም፣ ስለ ቡናው ዋጋም ማሰብ ማቆም አለመቻል። ከሱ ጋር እንቅልፍ ማጣት፣ የአንገትና የትከሻ መወጠር፣ ቶሎ መድከም፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት፣ ያነበቡትን አለመያዝ ይመጣል። ሰው ፊት መናገር የሚያስፈራው አለ፤ ከቤት መራቅ የሚያስፈራው አለ። እኛ ዘንድ እነዚህ ሁሉ በሰውነት ስም ነው የሚጠሩት፦ ጨጓራ፣ ነርቭ፣ ጋዝ፣ "ሆዴን ባር ባር ይለኛል"።

ከምልክቶቹ ሁሉ እኔ ዋና የምለው መቅረት ነው። ጎረቤቴ መጀመሪያ የተወው ያቺን መንገድ ነበር፤ ዞሮ ይሄዳል። ቀጥሎ በገበያ ቀን መሥራት ተወ፤ ግርግሩ ያፍነኛል ብሎ። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ቤት በር አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም። መጨረሻ ላይ ባጃጁን ለሌላ ልጅ ሰጠና ቤት ዋለ። በቀረ ቁጥር ለጊዜው ይቀለዋል፤ ወጥመዱም ያ ቅለት ነው። አንጎሉ "ባልቀር ኖሮ አልቆልኝ ነበር" ብሎ ይማራል፣ በማግስቱ የሚፈራው ነገር አንድ ይጨምራል። ምን ያህል እንደተጨነቅን መለካት ከባድ ነው፤ ከምን እንደቀረን መቁጠር ግን ቀላል ነው።

ጅማ ተቀምጦ ስለ ልብ መምታት ሲወራ ቡናና ጫት አይዘለሉም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ቀኑን ሙሉ ለሚጠጣ ሰው ካፌይኑ ብቻውን ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚዛመድ ነው። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን መነጫነጭና ፍርሃት፣ ሲቋረጥ ሌሊት የሚጫነውን ዱካክ የቃመ ያውቀዋል። ጎረቤቴ ሐሳቡን ሊረሳ በየቀኑ በርጫ ይቀመጥ ነበር፤ ሌሊቱን አፍጥጦ ያድርና ጠዋት ሊነቃ ቡና ይደግማል። የቱ ሕመሙ፣ የቱ ጫቱ እንደሆነ መለየት ያቃተው ለዚህ ነው። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የሚቃመውንም የሚጠጣውንም ሳይቀንሱ መናገር ነው፤ ያ ካልታወቀ የሚሰጠው ሕክምና አይገጥምም። (ስብከቱ ለሌላ ቀን ይቆይ፤ እኔም ይህን የምጽፈው ሁለተኛ ስኒዬን ይዤ ነው።)

የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መብዛት፣ የደም ማነስ፣ የልብ ምት መዛባትም ይህንኑ መልክ ይዘው ይመጣሉ፤ ስለዚህ ለምርመራ የወጣ ገንዘብ አልባከነም። የደረት ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ዳገት ሲወጡ የሚብስ ከሆነ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም ራስን ካሳተ፣ "ጭንቀት ነው" ብሎ መተኛት አይገባም፤ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ሞትን መመኘት ወይም ራስን ስለማጥፋት ማሰብ ከመጣም ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት፣ ሰው ይዞ መሄድ ነው። ከዚህ መለስ ላለው ደግሞ፣ ሥራ፣ ትምህርት ወይም እንቅልፍ ለሳምንታት እየተበላሸ ከሆነ፣ ወይም ጭንቀቱን ለማብረድ መጠጥ፣ ጫት ወይም ኪኒን ከተለመደ፣ ጊዜው ደርሷል።

መነሻው ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ባለሙያው ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ሰባት አጫጭር ጥያቄዎች ሊያነብ ይችላል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፣ ድምሩ 10 ሲደርስ ጠለቅ ብሎ ይታያል። ሕክምናው አንዱ በንግግር ነው፤ ምክር እንዳይመስላችሁ፣ "አታስብ" የሚል ዘመድማ ሞልቷል። እዚህ የቀሩበትን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መመለስን ይለማመዳሉ። ሌላው እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ነው። ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈጅ ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብሎ ይጥለዋል። ዲያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ ኪኒን ወዲያው ያበርዳል፤ ሱስ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ቁርኣን የሚያስቀራም ያስቀራ፤ ኪኒኑ ከሁለቱም አይጣላም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. 301 ሚሊዮን ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት ገምቷል፤ ሕክምና የሚያገኘው ከአራቱ አንዱ ያህል ነው።

ጎረቤቴ ወደ ባጃጁ ተመልሷል። ያቺን መንገድ መጀመሪያ በእግሩ፣ ቀጥሎ ባዶ ባጃጅ ይዞ፣ ከዚያ አንድ ሰው ጭኖ ነው የሄደባት። ጫቱን ለዓርብ ብቻ አስቀርቶታል፤ የገበያ ቀን ግን ገና ነው። ስሜን ካልጠራህ ጻፈው ብሎኛል። በቀጠሮው ቀን የት እንደሚሄድ ሰፈር ውስጥ ሲጠየቅ፣ ዛሬም "ጨጓራዬን ልታይ" ነው የሚለው።