ቲቸር ይቅርታ የጠየቁበት ሰኞ

የቲቸር አርባ በዚህ እሑድ ነው። እዚህ ሐዋሳ ከ30 ዓመት በላይ አስተምረው ጡረታ የወጡ እናት ነበሩ። እኔን 5ኛ ክፍል አስተምረውኛል። ጡረታ ከወጡ በኋላም መንገድ ላይ ስናገኛቸው «ቲቸር» እያልን ነበር የምንሳለማቸው።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስለ ደግነታቸው ብዙ ተወራ። ደብተር ለሌለው ደብተር ገዝተዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒስትሪ የሚፈተኑ ልጆችን በነፃ አስጠንተዋል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን የማልረሳው የተሳሳቱበትን ቀን ነው።

የሒሳብ ፈተና ነበር። የእኔና አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ መልስ ከነስህተቱ አንድ ሆነ። ቲቸር የኮረጅኩት እኔ መሰልኳቸው። እጄን በማስመሪያ መቱኝ፤ ወረቀቴ ላይ በቀይ ዜሮ ጻፉ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ቅዳሜና እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰኞ ጠዋት ስም ጠርተው ሲጨርሱ ጠመኔ አላነሱም። ወደ ዴስኬ መጡ።

«ትናንት ገብርኤል ሳስቀድስ፣ ዲያቆኑ ‹ተአምኁ በበይናቲክሙ›፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ሲል አጠገቤ ላሉት እጅ ነሳሁ። ያኔ ፊትህ ድቅን አለብኝ። ሳልጠይቅህ ነው የመታሁህ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ጎንበስ አሉልኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የ11 ዓመት ልጅ ምን ይላል? ከእናቴ አፍ የሰማሁትን አልኩ፦ «ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ልብ በሉ፣ ማን እንደኮረጀ ገና አላወቁም ነበር። ሳይሰሙኝ መፍረዳቸው ብቻ ነው እንቅልፍ የነሳቸው።

ጌታ በማቴዎስ 5፥23 ላይ «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ይላል። አንተ በእሱ ላይ ያለህን አይደለም። እኛ «በማንም ቂም የለኝም» ካልን የጨረስን ይመስለናል። ጥያቄው ግን በእኛ የተነሳ ማን አዝኖ ተኝቷል ነው። መባህን ትተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ታረቅ ሲል ደግሞ ታላቅና ታናሽ አልለየም። በእኛ ባህል ጉልበት የሚስመው ታናሽ ነው። ጌታ ግን «መምህር» እየተባለ ወገቡን ታጥቆ የተማሪዎቹን እግር አጠበ። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ዝቅ ብለው እግራችንን ሲያጥቡን የምናየው ይህንኑ ነው። ቲቸር ዴስኬ አጠገብ ያደረጉትም፣ ለእኔ፣ ከዚህ አይለይም።

ዕብራውያን 13፥7 «ዋኖቻችሁን አስቡ፥ የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው» ይላል። ማሰብ አይከብድም። ዝክር እናወጣለን፣ ፎቶ እንለጥፋለን። መምሰሉ ላይ ነው የምንቸገረው። እኔ ተቸግሬያለሁ።

ባለፈው ዓመት ሱቄ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነበር። ሒሳብ ጎደለ ብዬ በሰው ፊት ሰድቤ አባረርኩት። ከወር በኋላ የጎደለው ሒሳብ ከደረሰኞች መሀል ተገኘ። ደውዬ አልነገርኩትም። ልጅ ነው፣ ሌላ ሥራ ያገኛል ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ስንት እሑድ አስቀድሻለሁ፤ ስንት ጊዜ ግራና ቀኝ እጅ ነስቻለሁ።

አቶቴ አካባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አርባው እሑድ ነው። ቅዳሜ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ወደዚያ እሄዳለሁ።