«ልዩ ተሰጥኦ ያለው ተማሪ» ማለት ምን ማለት ነው?

በባሕር ዳር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ፣ አብዛኛው ወላጅ ቀድሞ የሚያየው ልጁ ስንተኛ እንደወጣ ነው። አንደኛ የወጣው «ጎበዝ» ተብሎ ይሸለማል፤ መሸለሙም ተገቢ ነው። በትምህርት ጥናት «ልዩ ተሰጥኦ» የሚባለው ግን ከዚህ ይለያል። ጎበዝ ተማሪ የተማረውን በሚገባ ይመልሳል። ልዩ ተሰጥኦ ያለው የምንለው በአንድ ወይም በበርካታ ዘርፎች ከእኩዮቹ እጅግ ፈጥኖ ወይም ጠልቆ የሚረዳ፣ ስለዚህም የተለመደው የክፍል ትምህርት የማይበቃው ልጅ ነው። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ላይገናኙም ይችላሉ።

አሜሪካዊው ምሁር ጆሴፍ ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረበው አስተሳሰብ፣ ተሰጥኦ የሚገለጠው ከአማካይ በላይ የሆነ ችሎታ፣ ለያዙት ሥራ መትጋትና ፈጠራ ሲገጣጠሙ ነው። በጣና ዳር ያደገ አንድ ልጅ እናስብ፤ የደንገል ታንኳ ለምን እንደሚንሳፈፍ፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ለምን ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ እንደሚደርቅ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ከዚያም በወዳደቁ የፕላስቲክ ጠርሙሶች የራሱን ትንሽ ታንኳ ሠርቶ፣ በሰጠመች ቁጥር እያፈረሰ እንደገና ይሠራታል። የዚህ ልጅ የሒሳብ ውጤት መካከለኛ ሊሆን ይችላል፤ የሬንዙሊ ሦስቱ ነገሮች ግን አሉበት።

እንዲህ ያለውን ልጅ በአንድ ፈተና ለመለየት መሞከር አደገኛ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 በካሊፎርኒያ በጀመረው ታዋቂ ጥናት ልጆችን የመረጠው በመምህራን ጥቆማና በአእምሮ ብቃት ፈተና ነበር። ተፈትነው መስፈርቱን ሳያሟሉ ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሌይና ልዊስ አልቫሬዝ ይገኙበታል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሁለተኛው በ1968 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ስለዚህ የሚመከረው የመምህሩን የረጅም ጊዜ ምልከታ፣ የልጁን የሥራ ናሙናዎች፣ የወላጅን ምስክርነትና ፈተናን አጣምሮ ማየት ነው። በተለይ ወላጅ ሊጠየቅ ይገባል፤ ልጁ ገበያ ላይ የገንዘብ መልስ እንዴት እንደሚያሰላ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

የተሰጥኦ ምልክቶች ብዙ ጊዜ በጥፋት ይተረጎማሉ። የተሰጠውን ሥራ በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ጎረቤቱን የሚያወራ ልጅ «ረባሽ»፣ የሚያውቀውን ደግሞ መጻፍ የሰለቸው «ሰነፍ» ይባላል። ከአዊ መጥቶ፣ አፉን በአገውኛ ፈትቶ፣ በአማርኛ የሚማር ልጅም ሐሳቡ ሳይሆን ቋንቋው ስለሚመዘን በቀላሉ ይታለፋል። ዝም ብላ የምትቀመጥ ልጃገረድም እንዲሁ።

ድጋፍ ሲባል ብዙ መምህራን ወደ አንድ ለአምስት አደረጃጀት ይሄዳሉ፤ ፈጣኑ ልጅ መሪ ሆኖ የቡድኑን አባላት ያስረዳል። ማስረዳት ይጠቅመዋል፣ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ሌላ ካልተሰጠው አዲስ ነገር አይማርም። ተመሳሳይ ጥያቄ መደራረብም ቅጣት እንጂ ድጋፍ አይደለም። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል እንኳ የሚቻለው፣ የምዕራፉን ከባድ ጥያቄዎች አስቀድሞ ሰጥቶ፣ በትክክል ከሠራ ቀላሎቹን መተውና በተረፈው ጊዜ የራሱን ጥያቄ እንዲመረምር ማድረግ ነው። በበቂ ጥንቃቄ ከታየ በኋላ ልጁ አንድ ክፍል ዘሎ እንዲማር ማድረግም አንዱ መንገድ ሲሆን፣ ወላጆች እንደሚፈሩት ልጁን በማኅበራዊ ሕይወቱ እንደማይጎዳው በአብዛኛው ጥናቶች ያሳያሉ።

ሐሳቡ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በጣና ገዳማትና በየአጥቢያው በሚገኙት የአብነት ትምህርት ቤቶች ፊደል የጨረሰ ወደ ንባብ፣ ንባብ የጨረሰ ወደ ዳዊት ይሻገራል፤ እኩዮቹን እንዲጠብቅ የሚያስገድደው የለም። ቀደም ያለው ተማሪ ጀማሪዎቹን ያስቀጽላል (ያስጠናል)፣ ከዚያም የኔታ ፊት ቀርቦ ከእርሱ ደረጃ ከፍ ያለውን የራሱን ትምህርት ይቀበላል። በአንድ ለአምስት የጎደለው ይህ ሁለተኛው ነው።